የኸሚስ ሳንቲም

ፕላስቲክ በፀሐይ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ሲጀምር ጣፋጭ ይመስልና ኋላ ጉሮሮ ላይ ይመራል። ባለፈው ሳምንት ሃፍላ ተሳፍሬ፣ የአውቶቡሱ መስኮት ላይ የተሰቀለውን የላስቲክ መጋረጃ ፀሐይ ሲመታው ይህ ሽታ መጣና፣ ሳላስበው መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አነሣሁ። ልጅ ሳለሁ እንዲህ አደርግ ነበር። አባቴ በየሳምንቱ የሚያመጣልኝን አንድ አሮጌ ሳንቲም ጨብጬ፣ እስኪሞቅ ጠብቄ፣ ጣቶቼን ቀስ ብዬ ከፍቼ አሸተው ነበር። ከብረቱ ሽታ ሥር ይህ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ነበረ። እኔ የአባቴ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

የምንኖረው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር፣ ጡረታ በወጡ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸው ነበር። እናቴ ቤታቸውን ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ አልጋ የያዙትን ባለቤታቸውን ታገላብጣለች፤ በዚህም ምትክ ክፍሏ በነፃ ተሰጥታን ነበር። አባቴ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የብረታ ብረት ወርሻ ውስጥ ቶርኖ ላይ ይሠራ ነበር። ቀን ሠራተኛ፣ ማታ የወርሻው ዘበኛ ነው ተብሎ ነው የተነገረኝ፤ ስለዚህ ሳምንቱን እዚያው እያደረ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ ተመልሶ ይሄድ ነበር። ሐሙስን በቤታችን ኸሚስ ነበር የምንላት። ሌሎቹን ቀኖች በአማርኛ እየጠራን ይህችን አንዷን በዐረብኛ የምንጠራት ለምን እንደነበር አሁንም አላውቅም፤ ብቻ ለእኔ ሳምንቱ ሁሉ ወደ እሷ የሚወስድ መንገድ ነበር።

አልበሙን የሰጡኝ ኡስታዝ ናቸው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ካርቱም ትንሽ ትንሽ በምትበርድበት፣ ሰዉ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ደርቦ በሚወጣበት ወራት። እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ የምደበቅ፣ ስሜን ሲጠይቁኝ እናቴን የምመለከት ልጅ ነበርኩና፣ አዝነውልኝ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ጠዋት ወደ በረንዳቸው ጠርተው ከወፍራም ካርቶን በእጃቸው የሠሩትን አልበም ጭኔ ላይ አኖሩት። ስድስት ገጽ ነበረው፤ በየገጹ በምላጭ የተቆረጡ ስምንት ክብ ቀዳዳዎች፣ ከየቀዳዳው ኋላ የተለጠፈ ቡናማ ወረቀት፣ ከሥር ስም የሚጻፍበት መስመር። ሳንቲሙ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ካርቶንና ሙጫ ብቻ ነበር፤ ፕላስቲክ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

«የድሮ ሳንቲም ለመሰብሰብ ሀብታም መሆን አያሻም፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ በዐረብኛቸው፤ ሲጠሩኝ ሁልጊዜ «ልጄ» እያሉ ነበር። «ገንዘቡ በተቀየረ ቁጥር አሮጌው በኪሎ ለቁርጥራጭ ነጋዴ ይሸጣል፣ ቀልጦ የበር እጀታ ይሆናል። ከመቅለጡ በፊት ድረሽበት። ሕጉ አንድ ነው። መጀመሪያ ያገኘሽውን አስገቢ፣ መልኩ የጠፋም ቢሆን። የተሻለ ስታገኚ የከፋው ይውጣ፣ የተሻለው ይግባ። የወጣውን ግን አትጣይው።»

በዚያው ሰሞን አባቴ አንድ ዓርብ ሳይመለስ አደረና ቅዳሜ ይዞኝ ባሕሪ ሄደ። የቁርጥራጭ ነጋዴው መጋዘን ከወርሻው ሁለት መንገድ አልፎ ነበር፤ የተጨፈለቀ ድስት፣ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ የመኪና ሞተር ክምር ነው። ሰውየው ከአንድ ጆንያ ሳንቲም ግማሹን ሸራ ላይ ዘረገፈልንና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሳቀብን።

«ያ ሐበሺ፣ ሰው ለልጁ ወርቅ ይገዛል፣ አንተ ቁርጥራጭ ታስለቅማታለህ?»

«ወርቁማ እሷ ናት» አለ አባቴ፤ «ይሄ ለእሷ መጫወቻ ነው።»

ያቺ ንግግር ለዓመታት ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጠን ተቀምጠን እስከ ዙህር ሰላት ለቀምን። የአባቴ ጣቶች የማሽን ዘይት የጠጡ፣ ጥቁር ነበሩ፤ ጽሕፈቱ የጠፋውን ሳንቲም በዓይኑ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ነበር የሚያነበው። ዳበስ ያደርግና «ይሄ ሸሊን ነው፣ አምስት ቂርሽ» ይላል፤ ዳበስ ያደርግና «ይሄ ሪያል ነው፣ አሥር ቂርሽ» ይላል፤ እኔም እሱ ያለውን አምኜ እቀበለው ነበር። በመጨረሻ ጠርዟ እንደ አበባ የተቆራረጠች፣ ግመል የሚጋልብ ሰው የተቀረጸባት አንዲት ቂርሽ አገኘ። ብዙ እጅ ስለዳበሳት የግመሉ ጀርባና እግሮቹ ብቻ ቀርተው ነበር።

«አባ፣ የግመሉ አንገት የት ሄደ?»

«ሥራ ቦታ ረስቶት መጥቶ ነው፣ እንደኔ።»

አሥራ አንድ ሳንቲም ይዘን ተመለስን። ያን ቀን ማታ ምንጣፍ ላይ ተደፍተን አሥራ አንዱን ቀዳዳ ሞላን፤ ከየሥሩ ስማቸውን በአማርኛ እንድጽፍ እጄን ይዞ ፊደል አስቆጠረኝ። ትምህርት ቤት የምማረው በዐረብኛ ስለነበር፣ በአማርኛ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «ግመል» ነው። ሠላሳ ሰባት ቀዳዳ ባዶ ቀረ፤ ባዶነቱ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሙቀቱ ገባ። የቆርቆሮው በር እጅ የሚልጥበት፣ ምንጣፍ አውጥተን ግቢ የምንተኛበት፣ ከሰማይ ጥግ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ተነሥቶ ከተማዋን የሚውጥበት ወራት ነበር፤ ሀቡቡ ሲመጣ ሰው ልብሱን ከገመድ ሊሰበስብ ሲሮጥ እኔ አልበሙ ላይ በሆዴ እተኛ ነበር። ኸሚስም ቀርታ አታውቅም ነበር። አባቴ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ለእናቴ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከሸሚዙ ኪስ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ሳንቲም አውጥቶ «ለሰሚራ» ይላል፤ አንዳንዴ ለባዶ ቀዳዳ የምትሆን፣ አንዳንዴ ካለኝ የተሻለች። «ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ ያን ጆንያ ስበረብር ነው የማመሸው፣ ወላሂ» ይለኝ ነበር። እኔም የከፋውን አውጥቼ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ የተሻለውን አስገብቼ፣ አውራ ጣቴን አሳርፌ ልክክ አደርገው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከባሕሪ ከለቀምናቸው አሥራ አንዱ አሥሩ ወጡ። የቀረችው አንገት የሌላት ግመል ብቻ ነበረች፤ የተሻለች ግመል አልተገኘችም።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልናገር። በእነዚያ ኸሚሶች ሁሉ አንድም ቀን «እስኪ ልየው» ብላኝ አታውቅም። ወረቀቱ ሲፈታ ስትሰማ ተነሥታ የምታጥበው ዕቃ ታገኝ ነበር። ድካም ይመስለኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ከሪፍ፣ ዝናቡ መንገዱን ኩሬ ባደረገበት ሰሞን፣ አልበሜን ለኡስታዝ ላሳይ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ገጽ በገጽ አዩት፤ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ሲገልጡ ቆይተው አንዱ ላይ ቆሙ። አንዲቷን አውጥተው በጥፍራቸው ቧጠጧት።

«ይሄን ከየት አገኘሽው?»

«አባቴ ከቁርጥራጭ ቤት ለቅሞ።»

«ጆንያ ውስጥ የከረመ መዳብ አረንጓዴ ያወጣል፤ ግን ደረቅ ነው፣ እንደ ዱቄት ይበናል። ይሄ ይጣበቃል፣ አየሽ? ርካሽ ፕላስቲክ በሙቀት ሲያልበው ነው እንዲህ የሚቀባው። ይሄ ሳንቲም በፕላስቲክ አልበም ውስጥ የኖረ ነው።» ሌላዋን አወጡ፤ ሌላዋን። ሁሉም ይጣበቁ ነበር። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ፣ እናቴ ወዳለችበት አየት አደረጉና መነጽሩን ወደ ማኅደሩ መለሱት። «ብቻ ጥሩ ሳንቲሞች ናቸው፣ ያ ቢንቲ። ጥሩ ናቸው።»

በኸሚስ አባቴን ጠየቅኩት። ሳቀ። «ነጋዴው አንዳንዴ የሞተ ሰው ዕቃ ይገዛል። አልበሙን እንዳለ ነው የገዛው፤ እኔ አንድ አንድ እያልኩ አወጣልሻለሁ።» እፎይ አልኩ። እንዲያውም ለማላውቀው ለዚያ ሟች አዝኜ፣ ብዙ ቀን ከሰላት በኋላ ዱዓ አደርግለት ነበር።

በዚያው ከሪፍ ሁለት ኸሚስ ያለ አባቴ አለፈ። ወባ ይዞት ወርሻው ውስጥ ተኝቷል ብሎ ለእናቴ ደወለ። እሷ ሾርባና ሩዝ ሠርታ በምሳ ዕቃ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ በር ላይ ክንዴን ይዛ «ወርሻ ላሉት ሰዎች ስጪና ተመለሺ። ሌላ የትም እንዳትሄጂ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

ወርሻው ውስጥ ቶርኖው ላይ ሌላ ሰው ነበር። ማሽኑን አጥፍቶ ምን እንደፈለግኩ ሲጠይቀኝ ፈራሁና «ለአባቴ» ማለት ሲገባኝ «ለሰዒድ ምግብ ተልኮ ነው» አልኩ።

«ሰዒድማ ቤቱ ነው የተኛው።»

«እዚህ አይደለም የሚያድረው?»

«እዚህ?» ብሎ ሳቀ። «እዚህ የሚያድር ድመት ነው፣ እሱም ጩኸቱ አስመርሮት ሊለቅ ነው። የሰዒድ ቤት ኦምዱርማን ነው፣ ከድልድዩ ማዶ።» የሃፍላውን መስመርና ሰማያዊ በር ያለውን ቤት በካርቶን ቁራጭ ላይ ሥሎ ሰጠኝ።

መመለስ ነበረብኝ። ግን ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ገና ትኩስ ነበር፤ ሲታመም ሰው የሚያስታምመው ቦታ ተከራይቶ ይሆናል ብዬ፣ እኔን ሲያይ ደስ እንደሚለው እያሰብኩ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ሰማያዊውን በር የከፈተችልኝ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ ጸጉሯን ቀጭን ቀጭን የተሠራች ልጅ ነበረች። «ለሰዒድ ምግብ ተልኮ ነው» አልኳት፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዐረብኛ። «ለአባዬ? ግቢ፣ ግቢ፣ ፀሐይ ነው፣ ውሃ ጠጪ» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ዓይኔ ከብርሃኑ ገና ሳይለምድ አፍንጫዬ ቀደመ። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ነበር። በመስኮቱ ሥር፣ አልጋ ላይ፣ ፀሐይ ያረፈበት ወፍራም የፕላስቲክ አልበም ተከፍቶ ነበር።

ሳየው አይታኝ ፊቷ በራ።

«ሳንቲም ትወጃለሽ? ነይ ላሳይሽ! ይሄን ሁሉ አባዬ ነው ያመጣልኝ፣ ከባሕሪ። ደግሞ ሕግ አለው፤ የከፋው ይውጣ፣ የተሻለው ይግባ።»

የማልናገር ልጅ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ከአፌ ወጣ። «የወጣውንስ?»

«አርካዊት አንዲት ሚስኪን ሐበሻ ልጅ አለች፣ እናቷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለእሷ ይወስድላታል፤ በጣም ነው የምትደሰተው አሉ።» ክፋት አልነበረባትም። በድምፅዋ ውስጥ እንዲያውም ደግነት ነበር፤ ሰጪ መሆኗ ደስ ብሏታል። «ዛሬም አንድ አውጥቼላታለሁ፣ አባዬ ሲሻለው ይወስዳል።» በጣቷ አመለከተችኝ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ነበረች።

ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ኋላ የአባቴ ድምፅ «ማን ነው?» አለ።

«ከወርሻ ምግብ ያመጣች ልጅ ናት።»

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ ተኝቶ ነበር፤ ከስቷል። አየኝ። ማራገቢያው ዞሮ ወደ እኔ መጣና ዞሮ ወደ እሱ ሄደ። እኔ የምፈልገው ስሜን ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚለው «ሰሚ» ቢል ሌላው ሁሉ ይቆየኝ ነበር፣ ውሸቱም፣ ሽታውም፣ ሟቹ ሰውዬም። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ጠበቅኩት።

«ሹክረን፣ ያ ቢት» አለኝ። አመሰግናለሁ፣ አንቺ ልጅ። «ለላኩሽ ሰዎች ሰላም በይልኝ።»

ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ በዐረብኛ አናግሮኝ አያውቅም ነበር። የሰው አገር ሰው የሆኑት ኡስታዝ እንኳ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።

ምሳ ዕቃውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ልጅቷ በሩ ድረስ ሸኝታኝ «ሌላ ጊዜ ስትመጪ የቀረውን ገጽ አሳይሻለሁ» አለችኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ባዶ እጄን ነው።

«ምሳ ዕቃውስ?»

«ኦምዱርማን ቀረ።»

እዚያው የልብስ ማጠቢያው ጎን ቁጭ አለች። እጇ አረፋ እንደለበሰ ቆየ። «የኦምዱርማኗን እኔን ሳያገባ በፊት ነው ያገባት» አለች በመጨረሻ። «እኔ አውቄ ነው የገባሁበት። ስትበስል እንነግራታለን ተባብለን…»

«ኡስታዝስ?»

«ያውቃሉ።»

«ሳንቲሞቹንስ ታውቂ ነበር?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ዞሬ ልሄድ ስል «ምን ላድርግ ሰሚ» አለችኝ፤ «ደስ ይልሽ ነበር እኮ።»

ከዚያ ሁሉ ውስጤ የቀረው ይህ ነው። ወንድ ልጅ ሁለት ቤት ቢያቆም በሰፈራችን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነግረውኝ ቢሆን፣ ልጅ ነኝና አልቅሼ እተወው ነበር። እነሱ ግን ሦስት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በደግነት፣ እኔን ብቻ ከበሩ ውጭ አስቀምጠው ነበር። የእኔ የነበረው ያ ጨዋታና ያ ሕግ ሳይቀር ድልድይ ተሻግሮ ሄዶ፣ ትራፊው ነበር ወደ እኔ የሚመለሰው።

በሚቀጥለው ኸሚስ አባቴ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ለእናቴ ሰላምታ ሰጠ፣ ከሸሚዙ ኪስ ብልጭልጩን ወረቀት አወጣ። «ለሰሚራ» አለ፤ በአማርኛ። ፈታሁት። ጠርዟ እንደ አበባ የተቆራረጠች ቂርሽ ነበረች፤ ግመሉ አንገት አለው፣ ጭንቅላት አለው፣ ልጓሙ እንኳ ይታያል። ለሦስት ዓመት ስጠብቃት የነበረችው ናት። እሱ ምንጣፉን እያየ ነበር። አንገት የሌላትን አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኳት፣ አዲሷን አስገብቼ ልክክ አደረግኩ፣ «አመሰግናለሁ አባ» አልኩ። ትከሻው ረገብ ሲል አየሁት። «አብሽሪ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ማንን እንደሚያጽናና ግን እንጃ። ስለዚያ ቀን ያኔም ከዚያም በኋላ አላነሣንም። ሰማያዊውን በር ዳግመኛ አላንኳኳሁም፤ ሳንቲሞቹን ግን እየተቀበልኩ አራት ዓመት ቆይቼ አርባ ስምንቱን ቀዳዳ ሞላሁ። ደህና ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አባቴ ከኦምዱርማኖቹ ጋር ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ እናቴና እኔ በአንድ ሻንጣ ወደ ገዳሪፍ ሸሸን። ሻንጣው ውስጥ አልበሙና ቆርቆሮው ነበሩ። አሁን ተመልሰናል፤ አርካዊት ያለው ቤት ጣሪያ ስለሌለው የተከራየነው ኦምዱርማን ነው፣ ከሰማያዊው በር በእግር በማይርቅ ቦታ። በሩን አልፌው ሄጃለሁ። ቀለሙ ተላጧል።

ያን ሽታ ሃፍላ ውስጥ በሸተተኝ ቀን ቤት ገብቼ አልበሙን አወጣሁ። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አይቼ የሚጣበቀውን ሁሉ አወጣሁ፤ አርባ ስምንቱም ወጡ። ከዚያ ቆርቆሮውን ገልብጬ ደረቆቹን፣ መልክ የሌላቸውን፣ ዱቄት ብቻ የሚበንባቸውን ለየሁና ወደ መጀመሪያ ቀዳዳቸው መለስኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ቢያይ ይስቅብኛል፤ ሰው ጥሩውን አውጥቶ የከፋውን አያስገባም። ያኔ ባዶ ቀዳዳ ሳይ ገና የሚመጣ ነገር ይታየኝ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሰባቱን ሳይ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው የማየው፣ እሱም ያሳርፈኛል።

ትናንት አባቴ ከግብፅ ደወለ። ኸሚስ ነበረች። ስለ ጤና፣ ስለ መብራት፣ ስለ ውሃ ጠይቆ ሲጨርስ «አልበምሽ ተርፏል?» አለኝ።

«ተርፏል፣ አባ።»

«ግመሏስ?»

«በቦታዋ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደስ አለው። «እሷ እኮ ጥሩ ሳንቲም ናት።»

የቷ እንደሆነች አልነገርኩትም። ስልኩን ዘግቼ አንገት የሌላትን ግመል ከቀዳዳዋ አወጣኋትና፣ እሱ ያን ቅዳሜ ባሕሪ እንዳደረገው ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዳበስኳት። ምንም አይነበብም።